ያልተከፈቱ ፖስታዎች፦ በአሜሪካ ትንሽ የታክስ ቢሮ ለመክፈት ለምታስቡ

ጋሼ የገቡት ፌስታል አንጠልጥለው ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉት። ሠላሳ የሚሆኑ ፖስታዎች። ሁሉም ከአይአርኤስ፣ ከአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት፣ የመጡ ናቸው። አንዱም አልተከፈተም።

«ምነው ጋሼ፣ አንዱን እንኳ ሳይከፍቱ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ከከፈትኩት እውነት ይሆንብኛል» አሉኝ።

ያኔ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ቢሮ ከከፈትኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ሥራዬ ታክስ መሥራት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ደብሊው-2 (የዓመቱን የደመወዝ መግለጫ) መቀበል፣ ቁጥር ማስገባት፣ ሪፈንዱን፣ ተመላሹን ገንዘብ፣ መንገር፣ «ቀጣይ!» ማለት። የጋሼ ፌስታል ግን ሌላ ሥራ እንዳለ አሳየኝ። ዛሬ ከገቢዬ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚመጣው እንዲህ ካለው ፌስታል ነው። «ይህን ሥራ እንዴት ልጀምር?» የሚሉኝ ሰዎች በዝተዋል። ለእያንዳንዱ ቡና ላይ ከማወራ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

ፈቃዱ

በክፍያ የሰው ታክስ ለመሥራት መጀመሪያ ፒቲን የሚባል ቁጥር ያስፈልጋል። ኢንተርኔት ላይ ይወጣል፣ በየዓመቱ ይታደሳል፣ ዋጋውም ከ20 ዶላር በታች ነው። ቀጥሎ በኤሌክትሮኒክ ለመላክ የሚያስችለው ኢፊን አለ። እሱ ጊዜ ይወስዳል። አይአርኤስ የራሳችሁን ታክስ በአግባቡ መክፈላችሁንና የወንጀል ታሪካችሁን ያጣራል። የሙያ ፈቃድ የሌለው ሰው የጣት አሻራም ይሰጣል። ስለዚህ ጃንዋሪ ላይ ልከፍት ብላችሁ ዲሴምበር ላይ አትሩጡ። ጁላይ ላይ ጀምሩ።

ፒቲን ብቻ ያለው ሰው ታክስ መሥራት ይችላል። ደንበኛው ችግር ውስጥ ሲገባ ግን እሱን ወክሎ ከአይአርኤስ ጋር እስከ መጨረሻው መከራከር አይችልም። ሙሉው መብት ያለው ለጠበቃ፣ ለሲፒኤ (ፈቃድ ላለው የሂሳብ ባለሙያ) እና ለኢንሮልድ ኤጀንት ነው። እኔ ኢንሮልድ ኤጀንት ነኝ፤ ደንበኛ እንዲወክል አይአርኤስ ፈቃድ የሰጠው የታክስ ባለሙያ ማለት ነው። ዲግሪ አይጠይቅም። ሦስት ፈተና አለው፦ የግለሰብ ታክስ፣ የቢዝነስ ታክስ፣ እና የውክልናና የአሠራር ደንብ። አንዱን ካለፋችሁ በኋላ የቀሩትን በሦስት ዓመት ውስጥ መጨረስ አለባችሁ። እኔ ያጠናሁት የሌሊት ጥበቃ እየሠራሁ ነው። ሕንፃው ጸጥ ሲል መጽሐፌን አወጣለሁ። የቢዝነሱ ፈተና አንዴ ጥሎኛል። ሽርክና የሚባለው ነገር እስካሁንም አይጥመኝም።

የማዕረጉ አመጣጥ ሁሌ ያስቀኛል። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ሰዎች በጦርነቱ ለጠፋባቸው ፈረስና ንብረት መንግሥትን ካሳ ይጠይቁ ነበር። የውሸት ጥያቄ ሲበዛ ጊዜ፣ በ1884 ጠያቂዎቹን የሚወክሉ ሰዎች እንዲጣሩ የሚያደርግ ሕግ ወጣ። ሰዉ «የፈረስ ሕግ» ይለዋል። የእኔ ሙያ የዚያ ሕግ ልጅ ነው። አሁን በፈረሱ ቦታ ቶዮታ ፕሪየስ ገብቷል።

ፈቃዱን ለማቆየት በሦስት ዓመት 72 ሰዓት ትምህርት ትወስዳላችሁ። በየዓመቱ ከ16 ሰዓት ማነስ የለበትም፤ ከሱም ሁለቱ ስለ ሥነ ምግባር ነው። ግዛታችሁ የራሱ ምዝገባ እንዳለውም እዩ። ሜሪላንድ ታክስ ሠሪዎችን ታስመዘግባለች፤ ኢንሮልድ ኤጀንት ግን ከዚህ ነፃ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ገንዘብ ተቀብላችሁ የሠራችሁትን ታክስ በስማችሁና በፒቲናችሁ ፈርሙ። ሠርቶ የማይፈርም ሰው በየሰፈሩ አለ። ደንበኛው «ራሴ ሠራሁት» ተብሎ ይላካል። ደብዳቤ ሲመጣ የሠሪው ስልክ አይነሳም። ከእነዚህ ሰዎች የተረፉ ደንበኞች ብዙ ናቸው። እንደተጠራጠሩ ነው የሚመጡት፣ አይፈረድባቸውም።

ቫይበር

የእኛ ሰው ሰነድ የሚልከው በቫይበር ነው። የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ፣ ደብሊው-2፣ የባንክ ቁጥር፣ አንዳንዴም ከክርስትና ፎቶ ጋር ተቀላቅሎ። መጀመሪያ እኔም እቀበል ነበር። አንድ ቀን ስልኬ ባቡር ላይ ጠፋ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ጣቢያው ውስጥ ተገኘ። በነዚያ ሁለት ሰዓታት ውስጥ ግን የስንቱ ሰው ሕይወት እዚያ ስልክ ላይ እንዳለ ስቆጥር ነበር።

ታክስ ሠሪ በፌዴራል ሕግ የተጻፈ የመረጃ ደህንነት ዕቅድ ሊኖረው ይገባል። ትንሽ ነኝ፣ ብቻዬን ነኝ ማለት አያድንም። አይአርኤስ ለትናንሽ ቢሮዎች የሚሆን ናሙና አዘጋጅቷል፣ የኅትመት ቁጥሩ 5708 ነው። አውርዱት፣ በራሳችሁ ሁኔታ ሙሉት። ከዚያ የሰነድ መቀበያ ፖርታል ግዙ፤ ብዙ የታክስ ሶፍትዌር አብሮ ይሰጣል። የይለፍ ቃል ብቻ ሳይሆን ሁለተኛ ማረጋገጫም አድርጉበት። ፖርታል ለማይሆንላቸው ትልልቅ ሰዎች እኔ ስካነር ገዝቻለሁ። ወረቀቱን ይዘው ይመጣሉ፣ አንብቤ እመልስላቸዋለሁ። በቫይበር የላከልኝን ሰው አልቆጣም። «ደርሶኛል፣ አጥፍቼዋለሁ፣ በዚህኛው ይላኩልኝ» ብዬ የፖርታሉን ሊንክ እልክለታለሁ። በሦስተኛው ዓመት ይለምዳል።

መጠየቅ

መደመሩን ሶፍትዌሩ ይደምረዋል። የእናንተ ሥራ መጠየቅ ነው። በተለይ ለእኛ ሰው የሚጠየቁ ነገሮች አሉ።

አንደኛው እናት ነው። «እናቴን በየወሩ ነው የምረዳት፣ ለምን አትቆጠርልኝም?» ይህን በየዓመቱ እሰማለሁ። ዲፔንደንት (በታክስ ላይ የሚቆጠር ጥገኛ) ለመሆን ሰውየው የአሜሪካ ዜጋ ወይም ነዋሪ፣ አለዚያም የካናዳ ወይም የሜክሲኮ ነዋሪ መሆን አለበት። ደብረ ብርሃን ያለች እናት አትገባም። ካናዳና ሜክሲኮ ተፈቅደው ኢትዮጵያ ስትቀር ሰው ይናደዳል። ገንዘብ የላኩባቸውን የዌስተርን ዩኒየን ደረሰኞች ሲያሳዩኝ እኔም ሆዴ ይባባል። ግን አይሆንም እላለሁ። እዚህ ላይ «እስቲ እንሞክረው» ያለ ታክስ ሠሪ ደንበኛውን ለኦዲት አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው።

ሁለተኛው ባልና ሚስት ናቸው። አንድ ቤት ይኖራሉ፣ አንድ አልጋ ይተኛሉ፣ ሁለቱም ለየብቻ «ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ» (ቤተሰብ የሚያስተዳድር ያላገባ ሰው) ብለው ይሞላሉ። ጓደኛ ነው የነገራቸው። ይህን ሁኔታ፣ የልጅ ክሬዲትን፣ የኢንከም ክሬዲትን (ሠርቶ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠውን) እና የኮሌጅ ክሬዲትን የሚመለከት ፎርም 8867 አለ። ሠሪው በትክክል ጠይቆ ማጣራቱን የሚያረጋግጥበት ነው። ሳያጣራ ለሞላ ሠሪ ለእያንዳንዱ ጉድለት ከ600 ዶላር በላይ ቅጣት አለ። የሚቀጣው ደንበኛው ሳይሆን እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ጠይቁ፣ መልሱን ጻፉ፣ ሦስት ዓመት አስቀምጡት። እኔ ሰባት ዓመት ነው የማስቀምጠው፤ ካቢኔ አላስወደደብኝም።

ሦስተኛው እዚያ አገር ያለው ንብረት ነው። «እሱማ እዚህ አይመለከታቸውም» ይባላል። ይመለከታቸዋል። የአሜሪካ ዜጋና ነዋሪ ታክስ የሚከፍለው በመላው ዓለም ባለው ገቢ ላይ ነው። አዲስ አበባ የተከራየ ቤት ካለ የኪራዩ ገቢ እዚህም ይሞላል፤ እዚያ የተከፈለው የገቢ ግብር ደግሞ በክሬዲት መልክ ሊታሰብ ይችላል። ከአሜሪካ ውጭ ያሉ የባንክ ሂሳቦች ተደምረው በዓመቱ ውስጥ በአንድ ቀን እንኳ ከ10 ሺህ ዶላር ካለፉ ኤፍባር የሚባለው ሪፖርት ይቀርባል። ታክስ አይደለም፣ ማሳወቅ ብቻ ነው። ባለማሳወቅ የሚመጣው ቅጣት ግን ከባድ ነው። እኔ «ውጭ አገር ሂሳብ አለዎት?» ብዬ አልጠይቅም። መልሱ ሁሌ «የለም» ነው። «ቤት ለመሥራት ወይም ኮንዶሚኒየም ለመክፈል እዚያ የሚቆጥቡበት አለ?» እላለሁ። ያኔ ነው ወሬው የሚጀምረው።

ለሾፌሮች ደግሞ ማይል። በፌስታል ሙሉ የቤንዚን ደረሰኝ ያመጡልኛል። ከገቢ የሚቀነሰው የመኪና ወጪ በማይል የሚታሰብ ከሆነ ቤንዚኑ ውስጡ ተካትቷል፣ ሁለቱንም መቀነስ አይቻልም። በ2023 በማይል 65.5 ሳንቲም ነበር፣ በ2024 67፣ በ2025 70 ሳንቲም። ለአብዛኛው ሾፌር ማይሉ ይበልጣል። ማስረጃው ነው ችግሩ። ዓመቱን ሙሉ ያልመዘገበ ሰው ሲመጣ እንደ ኡበር ያለውን ኩባንያ ዓመታዊ ማጠቃለያና የዘይት ቅያሪ ደረሰኞችን እጠይቃለሁ። ዘይት ቀያሪው ሁሌ የኪሎሜትር ንባቡን ይጽፋል፤ ይቅርታ፣ የማይል ንባቡን። ልማድ ነው።

ፌስታሉን መክፈት

አሁን ወደ ጋሼ ልመለስ። ዋናው ሥራ እዚህ ነው።

ፖስታዎቹን አብረን ከፈትናቸው። ይህን ሁሌ ከደንበኛው ጋር ነው የማደርገው። ወስጄ ብቻዬን ብከፍታቸው ፍርሃቱ አይለቀውም። በቀን ቅደም ተከተል እንደረድራለን። ከእያንዳንዱ ደብዳቤ ጥግ ላይ ቁጥር አለ። ሲፒ 14 የመጀመሪያው ሂሳብ ነው። ሲፒ 2000 «ያስገባኸው ከእኛ ጋር ካለው አይገጥምም» የሚል ሐሳብ እንጂ ገና ዕዳ አይደለም። ለምሳሌ አክሲዮን ወይም ክሪፕቶ በስልኩ ሸጦ ሳይሞላ የቀረ ወጣት ይህ ይመጣበታል። የገዛበት ዋጋ እነሱ ዘንድ ከሌለ የሸጠበትን በሙሉ እንደ ትርፍ ይቆጥሩታል። የገዛበትን አሳይታችሁ ስትመልሱ ብዙ ጊዜ ዕዳው ይሟሽሻል። ሲፒ 504 ቃሉ ያስፈራል፣ ሰው ይዞት እየሮጠ ይመጣል። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ኤልቲ 11 እና ደብዳቤ 1058 ናቸው። ደመወዝና የባንክ ሂሳብ ከመያዛቸው በፊት የሚሰጡት የመጨረሻ ማስታወቂያ ነው። ደብዳቤው ላይ ካለው ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ፎርም 12153 ከተላከ ችሎት የመጠየቅ መብት አለ። በውሳኔው ካልተስማማችሁም ወደ ታክስ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። አንድ ጊዜ አንዲት ደንበኛ ይህን ደብዳቤ ይዛ መጣች። 19 ቀን አልፎታል። ማርች ነው፣ ቢሮው ሞልቷል። «አየዋለሁ» ብዬ ክምሩ ላይ አስቀመጥኩት። ሳየው 34ኛው ቀን ላይ ነበርን። ከ30 ቀን በኋላም በአንድ ዓመት ውስጥ ተመሳሳይ ችሎት መጠየቅ ይቻላል፣ ጠየቅንም። ፍርድ ቤት የመሄድ መብቷ ግን ቀረ። ነገሩ በስምምነት አለቀና እሷ ምንም አላለችኝም። እኔ ግን ያን ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ እንደገባ የመጨረሻው ቀን በቀይ ብዕር ፖስታው ላይ ይጻፋል፣ እዚያው ደንበኛው ፊት ካላንደር ላይ ይገባል። ክምር የሚባል ነገር ጠረጴዛዬ ላይ የለም። የ90 ቀን ደብዳቤ (ተጨማሪ ታክስ ሊጠየቅ ሲል ወደ ታክስ ፍርድ ቤት መሄጃውን ቀን የሚሰጠው) ከሆነማ ቀኑን አይአርኤስ ራሱ ሊያራዝመው አይችልም። አድራሻው ከአሜሪካ ውጭ ለሆነ ሰው 150 ቀን ነው፤ አገር ቤት የተመለሱ ደንበኞች ካሏችሁ አስታውሱት። የታክስ ፍርድ ቤት ክርክር ከሆነ እኔ ወደ ጠበቃ ነው የምልከው፤ ኢንሮልድ ኤጀንት የተለየ ፈተና ካላለፈ እዚያ አይቆምም።

ቀጥሎ ውክልና። ፎርም 2848 ይፈረማል። ለግዛቱ የተለየ አለ፣ ሜሪላንድ ላይ ፎርም 548 ነው። ከዚያ ትራንስክሪፕት፣ አይአርኤስ ዘንድ ያለውን የሰውየውን መዝገብ፣ አወጣለሁ። የሥራዬ ኤክስሬይ ይህ ነው። አንደኛው ሂሳቡን ያሳያል፣ ሌላው በሰውየው ስም የተላኩ ደብሊው-2ዎችንና 1099ዎችን (ከደመወዝ ውጭ ያለ ገቢ መግለጫዎችን)። በኮድ የተጻፈ ነው። 150 ታክሱ የተመዘገበበት ቀን፣ 806 ከደመወዝ የተያዘው፣ 846 የወጣ ሪፈንድ። ሁለት ሳምንት ካያችሁት ታነቡታላችሁ። ደንበኛው የሚነግራችሁንና ትራንስክሪፕቱ የሚለውን አስተያዩ። ደንበኛ አይዋሽም እንጂ ይረሳል። ሆዱ የሚያውቀውን ነገርማ ሆን ብሎ ነው የሚረሳው። ገቢ ሆን ብሎ ሲደብቅ የኖረ ሰው ከመጣ ግን ዝርዝሩን አታስጨርሱት። ወንጀል የሚሸት ነገር ላይ የእኛ ምሥጢር እንደ ጠበቃ ምሥጢር አይጠበቅም። ወደ ጠበቃ ይሂድ።

የጋሼ ትራንስክሪፕት አራት ዓመት እንዳላስገቡ አሳየ። ለሁለቱ ዓመታት አይአርኤስ ራሱ ሞልቶላቸዋል። እንዴት ሞላው? ጋሼ የኡበር ሾፌር ናቸውና፣ ኡበር የላከውን 1099-ኬ ይዞ ነው። እሱ ላይ ያለው ተሳፋሪው የከፈለው ሙሉ ገንዘብ ነው። የኩባንያው ኮሚሽን፣ ማይሉ፣ ምኑም አልተቀነሰም። በዚያ ላይ የግል ሠራተኛ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሚከፍለው 15.3 በመቶ ተጨመረ። ጋሼ በሕይወታቸው ያላዩትን ትርፍ አተረፉ ተባለ።

እና መጀመሪያ ያደረግነው መደራደር አይደለም። መሙላት ነው። ይህን ጀማሪዎች ሁሉ ይስቱታል። ደንበኛው «ዕዳውን አስቀንሽልኝ» ሲል ወዲያው ስልክ ያነሳሉ። አይአርኤስ ያልገባ ታክስ ካለ ስለ ክፍያ ዕቅድም ስለ ቅነሳም አያወራም። በአብዛኛው ያለፉትን ስድስት ዓመታት ነው የሚፈልገው። ለጋሼ አራቱንም ዓመታት ከኩባንያው ማጠቃለያና ከዘይት ደረሰኝ ተነስተን ሞላን። ስንጨርስ ዕዳው ከሩብ በታች ወረደ። አንድም ቀን አልተከራከርኩም። ማይል ብቻ ነው የቆጠርኩት።

አንዱ ዓመት ላይ እንዲያውም ሪፈንድ ነበራቸው። ግን የመክፈያው ቀን ካለፈ ከሦስት ዓመት በላይ ስለሆነ አልተሰጣቸውም። ዕዳ ሲሆን ግን ሂሳቡ ከተመዘገበ ጀምሮ አሥር ዓመት ይከተላል። «ይሄ ፍርድ ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፣ ሻይ ቀዳሁላቸው።

መክፈል ስለማልችል አላስገባሁም የሚል ሰው ብዙ ነው። ለሱ ይህን ቁጥር አሳዩት። 4,000 ዶላር ያለበት ሰው አምስት ወር ቢያዘገይ ሁለቱ ቅጣቶች ተደምረው በወር 5 በመቶ ይሆናሉ። 1,000 ዶላር ማለት ነው። በጊዜው አስገብቶ ሳይከፍል ቢቀር ግን በወር ግማሽ በመቶ ነው፣ በአምስት ወር 100 ዶላር። ወለዱ በሁለቱም ላይ አለ። ያለፉት ሦስት ዓመታት ንጹሕ የሆነ ሰው ደግሞ የመጀመሪያ ጊዜ ምሕረት አለው። ብዙ ጊዜ መጠየቅ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ስለማያውቅ ብቻ ይከፍላል።

የቀረውስ ዕዳ? ወለድና ቅጣቱን ጨምሮ እስከ 50 ሺህ ዶላር ከሆነ የክፍያ ዕቅድ ኢንተርኔት ላይ ይሞላል፣ ብዙ ጊዜም ዝርዝር የገንዘብ መግለጫ ሳይጠየቅ። ጋሼ የወሰዱት ይህን ነው። ምንም የማይተርፈው ሰው ከሆነ ገቢና ወጪውን አሳይቶ ማስከፈሉ ለጊዜው እንዲቆም ይጠየቃል። ደመወዙ ተይዞ ኪራይ ሊከፍል ላልቻለ ሰው አስቸኳይ እርዳታ የሚጠየቅበት ፎርም 911 አለ። ቁጥሩን የመረጠው ሰው ቀልድ ያውቃል።

ኦፈር ኢን ኮምፕሮማይዝ (ከዕዳው ያነሰ ከፍሎ መገላገል) የሚባለውን ሬዲዮ አስወድዶታል። «ሳንቲም ከፍለው ከዕዳዎ ይገላገሉ!» ይላል ማስታወቂያው። እውነት አለ፣ ሕጋዊ ነው። ግን አይአርኤስ የሚያሰላው የንብረትህን ዋጋና ወደፊት የምታገኘውን ትርፍ ገቢ ነው። ቤት ያለውና ቋሚ ሥራ ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ አያልፍም። ማመልከቻው 205 ዶላር ነው፣ በአንዴ ለሚከፍል ደግሞ ካቀረበው 20 በመቶ አብሮ ይላካል። ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው ሁለቱም ይቀርለታል። ተቀባይነት ካገኘም በኋላ አምስት ዓመት ሳያዛንፍ ማስገባትና መክፈል አለበት። እኔ ቁጥሩን ሳልሠራ ኦፈር አልልክም። ሠርቼ የማያልፍ ከሆነ «አያልፍም፣ ገንዘብዎን ያስቀምጡ» እላለሁ። ደንበኛ ያጣሁበት ጊዜ አለ። ከወራት በኋላ ብዙ ሺህ ዶላር ሌላ ቦታ ከፍሎ፣ ያው ዕዳው ላይ ወለድ ተጨምሮ የተመለሰም አለ።

ፓስፖርት ጉዳይ ሲነሳ ሁሉም ሰው ይነቃል። ዕዳው ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ (በ2025 64 ሺህ ዶላር ነበር፣ በየዓመቱ ይስተካከላል) አይአርኤስ ለውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ያሳውቃል፣ የአሜሪካ ፓስፖርት ማሳደስ ይከለከላል። የክፍያ ዕቅድ ሲገባ እገዳው ይነሳል። ለገና አገር ቤት ቲኬት የቆረጠ ሰው ኖቬምበር ላይ ይህን ሲሰማ የሚያሳየው ፊት አለ። ስለዚህ እኔ በአሜሪካ የበጋ ወራት ነው የምጠይቀው፦ «ዘንድሮ ትሄዳላችሁ?» ሜሪላንድም ባልተከፈለ ታክስ የመንጃ ፈቃድ እድሳት ልትይዝ ትችላለች። ለሾፌር ከፓስፖርቱ የባሰ እሱ ነው።

ዋጋና ውል

የሪፈንዱን መቶኛ አታስከፍሉ። አይአርኤስ ራሱ ሕዝቡን «እንዲህ ከሚያስከፍሉ ራቁ» ይላል። በፎርሙ ብዛትና በሥራው ክብደት አስከፍሉ፣ ዋጋውን ከመጀመራችሁ በፊት ንገሩ። የእኛ ሰው ዋጋ መጠየቅ ያፍራል፣ ከዚያ ሲጨርስ ያኮርፋል።

ለችግር ሥራ እኔ በሁለት ከፍዬዋለሁ። የመጀመሪያው ምርመራ ነው፦ ውክልና፣ ትራንስክሪፕት፣ ምን እንዳለና ምን አማራጭ እንዳለ አንድ ገጽ በአማርኛ። ዋጋው የተቆረጠ ነው። ከዚያ ሰውየው ከፈለገ ይቀጥላል፣ ካልፈለገ ወረቀቱን ይዞ ወደ ፈለገው ይሄዳል። ሁለተኛው መፍትሔው ነው፣ ዋጋው ምርመራው ካለቀ በኋላ ይነገራል። ሁሉም በውል ይጻፋል። ዘመድ ቢሆንም ይጻፋል። ዘመድ ከሆነ እንዲያውም ቀድሞ ይጻፋል። መክፈል ለማይችል ሰው ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የተቋቋሙ የታክስ ክሊኒኮች አሉ፤ አድራሻቸውን በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

የስህተት መድን ግዙ። ሌላ የምለው የለኝም፣ ግዙ።

ዓመቱ እንዴት ይሄዳል

ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ የታክስ ማስገቢያው ይከፈታል። ፌብሩዋሪ የቁጣ ወር ነው። የኢንከም ክሬዲት ያለበት ሪፈንድ በሕግ እስከ ፌብሩዋሪ አጋማሽ አይለቀቅም፣ ሰዉ ግን «የጎረቤቴ መጣ» ይላል። ይህን ከመላካችሁ በፊት ንገሩ፣ ከላካችሁ በኋላ ሰበብ ይመስላል። ከማርች አጋማሽ ጀምሮ አዲስ የችግር ደንበኛ አልቀበልም፣ አስቸኳይ ቀን ከሌለው በቀር። ኤፕሪል 15 ላይ ያልጨረሰ ማራዘሚያ ይጠይቃል፤ የሚራዘመው ማስገቢያው እንጂ መክፈያው አይደለም። ሜይ ላይ አንድ ሳምንት እተኛለሁ። ከዚያ እስከ ዲሴምበር የፌስታሉ ወቅት ነው።

ጋሼን ለሾፌር የሚገባውን አስጀመርኳቸው። በዓመት አራት ጊዜ፣ ኤፕሪል፣ ጁን፣ ሴፕቴምበርና ጃንዋሪ በ15ኛው ቀን ይከፍላሉ። የመጀመሪያውን ሲከፍሉ ደውለው «ሄደ?» አሉኝ፣ «ሄደ» አልኳቸው። ባለፈው መስከረም ቢሮ መጡ። ፖስታ ይዘዋል። ተከፍቷል፣ ቀኑም በቀይ ብዕር ተጽፎበታል። ተቀብዬ አነበብኩት። የጥርስ ሐኪም ማስታወቂያ ነበር።